የሁለት አልቃሾች ጆሮ

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ እኔ ሳላለቅስለት የተቀበረ ትልቅ ሰው ካለ፣ ወይ ዘመድ ያልነበረው ነው ወይ ያን ቀን እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር። ይህን ሁሉ አልቅሼ የስፋት ቢሮ እንድሰማበት የፈቀደልኝ ርዕስ ሁለት ነው። ሁለት። ሐዘንና ጓዳ። ራፐሩ አቤኔዘር አሥራ አራት አለው።

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም የምናገረው እኔ ነኝ፣ የሚጽፈው ግድግዳዬ ነው። ለጽሑፍ ርዕስ አይጠየቅም፤ ገና አልደረሱበትም።

ጠዋት እንደ ሰው ሁሉ ዛጎሌን ከጨው ውሃው አውጥቼ ጆሮዬ ውስጥ እከታለሁ። ዛጎሉ "እናኑ ይመር፤ ራፐር። ርዕስ፦ ሐዘን፣ ጓዳ። መልካም ውሎ" ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ቀን እንኳን ተሳስቶ ሦስት ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወጥቼ ገበያው በር ላይ ለራፐር በተቀባው ክብ ውስጥ እቆማለሁ። ስለ ሽንኩርት ስናገር ሰው ይሰማኛል። ሽንኩርቱ የዘገየው መንገዱ ስለፈረሰ ነው ስል ሽንኩርቱ ይሰማል፣ መንገዱ አይሰማም። ዛጎሉ ይውጠዋል፤ የሚውጠው ግጥም ብቻ ነው፣ ተራ ጨዋታ አይነካም። ሲውጥም ድምፅ አለው፤ ጤፍ በወንፊት ሲወርድ እንደሚያሰማው ያለ። የቆመው ሰው አፌ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ምንም አይሰማም፣ ጨዋ ስለሆነ ይጠብቃል። ተመልሼ ወደ ጓዳ ርዕሴ ስገባ ራሱን ይነቀንቅልኛል። ዛጎሉን አውልቆ በባዶ ጆሮ መስማት ማለት ሰው ፊት ሱሪ እንደ ማውለቅ ነው። ሕፃናት እንኳን አያደርጉትም።

ሙሾና ራፕ መቼ እንደተጋቡ በትክክል አላስታውስም። ልጅ ሳለሁ የተለያዩ ነበሩ። አንድ ቀን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቢት ገባ፤ ከገባ አልወጣም። እኔ ግን ያኔም አልቃሽ ነበርኩ፣ አሁንም አልቃሽ ነኝ። አልቃሽ ደግሞ የሞተውን ሰው ሥራ ካላወቀች አታለቅስም። ለገበሬ ስለ አፈር፣ ለሹፌር ስለ መንገድ፣ ለባንክ ዘበኛ ስለ በር ትገጥማለች። እንግዲህ ጠባብ ነሽ የተባልኩት እኔ ነኝ።

አቤኔዘርና እኔ የጀመርነው አንድ ቦታ ነው። ደረቅ ወደቡ አጠገብ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች ምሳ በሚበሉበት ሜዳ። እሱ በርሜል ይመታል፣ እኔ እገጥማለሁ። ኋላ እሱም አፍ አወጣ። ያወጣው አፍ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ አቤኔዘር።

ከምንም መጣሁ፣ ከምንም በላይ ሆንኩ፣
መስታወት ፊት ቆሜ ንጉሥ አየሁ አልኩ።

በዚህች ብቻ አራት ርዕስ ተጻፈለት። ትውልድ፣ ታሪክ፣ ሥልጣን፣ ፍልስፍና። ስለ እናቱ ሲናገር "ሀገር" ተባለለት። እናቱን አልቅሼ የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ በእኔ ላይ "ጓዳ" ተባለ። አንዲት ሴት፣ አንድ መቃብር። ሲስል እንኳን ሳሉ ይሰማለታል፤ "ስሜት" ተብሎ ተመዝግቦለታል።

አልቀናሁም የሚል ምላስ የለኝም። ቀንቻለሁ። ጫማው ያስቀናኛል። ድንኳን ሲገባ መደገፊያ ያለው ወንበር የሚቀርብለት ነገር ያስቀናኛል። ከሁሉ ከሁሉ ግን ስለ ዝናብ መናገር መቻሉ። ስለ ዝናብ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ፈቃዱ ግን አለው፤ እንደማይለብሱት ካፖርት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

እንዲህ ሆነን ሳለን ደብሪቱ ሞተች።

ደብሪቱ የሃምሳ ዓመት ጓደኛዬ ናት። ጎሚስታ ነበረች። ከወደቡ የሚወጣ መኪና ሁሉ ጎማው በእሷ እጅ አልፏል። መኪኖቹ ሹፌር ማስቀመጥ ከተዉ በኋላ እንኳን ራሳቸው እየነዱ መጥተው በሯ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ጥሩምባም አይነፉም፣ ዝም ብለው ይጠብቋታል። "ከሰው ይሻላሉ፣ ቶሎ በይ አይሉም" ትለኝ ነበር። በቀትር ከመኪናው ሥር ጋደም ብላ ታወራኛለች፣ እኔ እግሯን እያየሁ እመልስላታለሁ። ጨዋታችን ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ እኔ ከእግሯ ጋር።

የቀብሯ ቀን ድንኳን ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ተቀምጧል። ቢቱ ተለቀቀ። ተነሣሁ።

ሃያ ቶን ብረት በክሪክ የምታነሳ፣
ምነው የሳጥን ክዳን ገፍታ የማትነሳ።

ስንቱ ሹፌር ተሻገረ የሚሌን በረሃ፣
አንቺ በለጠፍሽው ጎማ፣ በአንድ ጀሪካን ውሃ።

ከዚህ ሁሉ የተሰማው "ሳጥን" እና "ውሃ" ነው። ሳጥን ሐዘን ነው፣ ውሃ ጓዳ ነው። ሌላው ተዋጠ። ሦስት መቶ ሰው እጁን አጣጥፎ አፌን ያያል። አንዷ ዘመዷ ነጠላዋን አስተካከለች። አንዱ በትሕትና ወደ መሬት አየ፤ ምላሴ የታሰረ መስሎታል። ጨርሼ ስቀመጥ "እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። እኔን አጽናኑኝ።

አርባዋ ሲቃረብ የእድሩ ሰብሳቢ ሙሄ ጠራኝ።

"እትዬ እናኑ፣ ለአርባዋ አቤኔዘርን ልንጠራ ነው" አለኝ።

"ደብሪቱን ሁለት ጊዜ ነው ያያት። አንዱ ቀብሯ ነው።"

"ሥራና መንገድ የሚል ርዕስ ያለው እሱ ነው። እርስዎን እንወድዎታለን፣ ግን አንሰማዎትም። ጎሚስታን ስለ ሳጥን ብቻ አውርቶ መሸኘት ለእሷም አይገባም።"

ይህን ሲል ልክ ነበር። ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። አርባዋ ቅዳሜ ይውላል።

ማክሰኞ አቤኔዘር ራሱ ቤቴ መጣ።

"እናንዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ቁጭ በል። መደገፊያ ያለው የለኝም።"

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ተንቋቋ። "ደብሪቱ ምን ነበር የምትሠራው? ሱቅ ነበራት አይደል?"

"ጎሚስታ ነበረች።"

"ጎሚስታ።" ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። "ጎማ ይሽከረከራል። ሕይወትም እንደዚያው ነው። እኔም እኮ ስንት ጊዜ ተሽከርክሬ፣"

"አቤኔዘር።"

"አቤት።"

"ያንተን ጎማ ማን ጠየቀህ?"

ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። "ምን ላድርግ፣ ሌላ አላውቅም። እኔ ስለ ራሴ ነው የማወራው፣ ሌላ ሌላ ስም የሚያወጡለት እነሱ ናቸው። አንዴ ስለ ጥርስ ሕመሜ ብናገር 'የዘመኑ ሥቃይ' ብለው መዘገቡልኝ።"

"እኔ ስለ ዘመኑ ሥቃይ ብናገር ጥርሷን አሟታል ይላሉ።"

"ጠይቂያ። ዘንድሮ ተፈቅዷል እኮ። ማን ጠባብ እንዳለሽ ድምፁን ያሰሙሻል።"

"አንተ ጠየቅህ?"

"ሰፊ ያለኝን ሰው ባውቀው ምን ያደርግልኛል? ምሳ ልጋብዘው?"

ረቡዕ ቢሮው ሄድኩ። እዚያ ወረፋ የለም፤ ወንበሩ ራሱ በስምሽ ይጠራሻል። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ሶልያና ትባላለች። ለስላሳ ናት፣ እንደተላጠ እንቁላል።

"ማነው ጠባብ ያለኝ?" አልኳት።

"ሰው አይደለም እማማ። ሚዛኑ ነው።"

"ሚዛኑን ማን አስተማረው?"

"ጆሮ ሰጪዎች። ድሮ ሚዛኑ ሲሠራ ጥሩ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ግጥም እያዳመጡ ሰፊ፣ ጠባብ ይሉ ነበር። ሚዛኑ ከእነሱ ተማረ። ስም መናገር አልችልም፣ ድምፅ ግን አሰማዎታለሁ።"

መጀመሪያ የራሴ ድምፅ መጣ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ፣ ያልሻከረ። ለባንኩ ዘበኛ ያለቀስኩት ነው።

ባንኩን ሲጠብቅ አርባ ክረምት ቆሞ፣
የራሱን ደጅ ሳያይ አለፈ ደክሞ።

ከዚያ ሌላ የሴት ድምፅ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ "ጠባብ። የጓዳ ወሬ ነው። ስለ ባሏ ነው" አለ።

ዘበኛው ባሌ አልነበረም። ስሙን እንኳን የሰማሁት ለቀብሩ ስሄድ ነው። ያንን የሴት ድምፅ ግን መቃብር ውስጥ ብሆን አውቀዋለሁ። የኔነሽ ናት። ደሴ የምትኖረው፣ የሐይቋ የኔነሽ። የዶክተሩን ለቅሶ የወሰደችብኝ፣ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ለቅሶ የወሰደችብኝ የኔነሽ። አንድ ስንኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትተነፍስ የምታወርድ ሴት ናት፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ትነቀል" አልኩ። "ጆሮዋን ንቀሉልኝ።"

"ራሷ መጥታ የሰጠችውን ፍርድ ካነሳች ይነሣል። ያን ጊዜ በእሷ ጆሮ የተፈረደው ሁሉ እንደገና ይመዘናል፤ ባነሳች ማግስት ያልቃል።" ቀና ብላ አየችኝ። "እማማ፣ የእርስዎም ፋይል ላይ ጆሮ ሰጪ ይላል።"

ያኔ ትዝ አለኝ። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም፤ ረስቼው ሳይሆን ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአንድ ለቅሶ ስወጣ ሁለት ሰዎች ጠብቀው "ጆሮዎ ጥሩ ነው አሉን" አሉኝ። እኔን፣ ፊደል ያልቆጠርኩትን፣ በመኪና ወሰዱኝ። ሦስት ወር ሙሉ ነጭ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ሰፊ ወይ ጠባብ፣ ለምንስ እንደሆነ በአንድ ቃል። ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅኩም። ተጠየቅኩ፤ በቃኝ።

"አሰሚኝ" አልኳት።

ዓሣው ከሐይቁ ጠፍቶ ከሰማይ ላይ ዋኘ፣
አጥማጁ ልጄ ግን ፎቅ ሲያጥብ ተገኘ።

የኔነሽ ናት፤ ሳትተነፍስ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ በችኮላ፣ ገና ስንኙ ሳያልቅ፦ "ጠባብ። ስለ ልጇ ነው።"

ሶልያና ሌላ ጨመረች። መስታወት ፊት የቆመው አቤኔዘር መጣ። ከኋላው እኔ፣ በረጅሙ፣ እንደ ዳኛ፦ "ሰፊ። ስለ ሰው ልጅ ነው።"

ሶልያና ሰሌዳዋን አነበበች።

"እርስዎ ሁለት መቶ ስድስት ሴቶችን አዳምጠዋል። ሁለት መቶ ስድስቱንም ጠባብ ብለዋል።"

"ወንዶቹንስ?"

"ከሦስት መቶው ሁለቱን ብቻ።"

"እነማን ናቸው?"

"ሙሾ የሚያወርዱ ናቸው ይላል።"

ልጅቷ ይህ ምን እንደሆነ አልገባትም። እኔ ወዲያው ገባኝ። በእኛ ሙያ ደንብ አለ። አልቃሽ ሌላዋን አልቃሽ አታመሰግንም። "እንዴት ነበረች?" ብለው ሲጠይቁሽ "ደህና ናት፣ ግን" ትያለሽ፣ ግኑን ሳትጨርሺው ትተያለሽ። ካመሰገንሻት ለሚቀጥለው ለቅሶ እሷ ናት የምትጠራው። እናቴም እንደዚያ፣ የእናቴም እናት። ወንድ ግን ያኔ፣ ሙሾ ከሚያወርደው አንድ ሁለት በቀር፣ ድንኳን ውስጥ እንጀራችንን አይሻማንም ነበር፤ ወንድን ብታወድሺው የሚጎድልብሽ ነገር የለም። እና እነዚያ ሰዎች ነጭ ክፍል ውስጥ ሲያስቀምጡኝ እኔ ለቅሶ ቤት ያለሁ ነው የመሰለኝ። የሙያዬን ደንብ ጠበቅኩ። ሚዛኑ ደግሞ ደንብ መሆኑን አላወቀም፤ እውነት ነው ብሎ ያዘው።

"ባነሳስ?" አልኩ።

"ሚዛኑ ገምቶታል። እርስዎ የሰሟቸው ሴቶች ሁሉ ከፍ ይላሉ። ይህቺ አሁን ያሰማሁዎት ሴት ከሦስት ወደ አሥራ አንድ ትሄዳለች። ይህ ሰውዬ ከአሥራ አራት ወደ አምስት ይወርዳል።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ሁለት ነዎት። እርስዎን የሰማው ሌላ ጆሮ ነው።"

የኔነሽ አሥራ አንድ። እናኑ ሁለት። ይህን በገዛ አፌ እንድፈርም ነው የምትጠይቀኝ። ደብሪቱን አሰብኩ፤ ይህንን እንድል ይጠበቅብኛል፣ አስቤአታለሁም። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ እጄን ያነሳው የደብሪቱ ፍቅር አይደለም። የአቤኔዘር አምስት ነው።

"አንስቻለሁ" አልኩ። ሦስት ጊዜ አስባለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ዛጎሌ እንደወትሮው ሁለት አለኝ። ቁርሴን ሳልጨርስ ሙሄ ደወለ።

"እትዬ፣ አንድ ጉድ መጣ። አቤኔዘር ጠበበ። ሥራም መንገድም ተነሣበት።"

"እግዜር ያጽናው።"

"ደሴ አንዲት ሴት አለች አሉ፣ ዛሬ ማለዳ ሰፋች። ሥራም፣ መንገድም፣ ብረትም አላት። ለቅዳሜ እሷን ጠርተናል።"

ስልኩ ሲዘጋ ነጠላዬን ለብሼ ነበር።

የሐረጎን ዳገት የሚወጣው መኪና ሹፌር የለውም። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ስለሌለ ሁሉም ተሳፋሪ ባዶውን መቀመጫ ያያል፤ ለምን እንደሚያየው አላውቅም፣ እኔም አያለሁ። ደሴ ወርጄ የየኔነሽን ቤት ማንንም አልጠየቅኩም። ከመንገዱ ጫፍ ድምፅዋ ይሰማል። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አሥራ አንዱን ርዕስ አንድ በአንድ ትሞክራለች። ስለ ጨረቃ። ስለ ፍርድ ቤት። ስለ ዝናብ፣ ረጅም፣ ሳትተነፍስ። የሰፈሩ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቢያንስ ድምፅዋ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። አልተሰነጠቀም።

አየችኝና አቆመች። "ምን አመጣሽ?"

"ጠባብ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ዛሬ ማለዳ ቢሮ ሄጄ አሰሙኝ። 'ስለ ልጇ ነው' ትያለሽ። ልጅ እኮ የለኝም እናኑ። ወልጄ አላውቅም።"

"ዘበኛውም ባሌ አልነበረም።"

"የቱ ዘበኛ?"

"አርባ ክረምት የቆመው። 'ስለ ባሏ ነው' ብለሻል።"

ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አስታወሰች። "እሱን ነው? ባልሽ መስሎኝ ነበራ። እንደ ባል ነው ያለቀስሽለት።"

አልቃሽ ለአልቃሽ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እሷም ከአፏ እንዳመለጣት ታውቋታል፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እንዳልሰማ ሆንኩላት።

"የኮምቦልቻ እድር ጠርቶኛል" አለች ቀስ ብላ። "ለቅዳሜ። ጎሚስታ ናት አሉኝ።"

"እሺ አልሽ?"

"እሺ አልኩ። ምን ልበል? በዚህ ዕድሜዬ ነው ብረት የሚለውን ቃል አፌ ላይ የማገኘው። ጎረቤቶቼ ሠላሳ ዓመት አፌን ሲያዩ ኖረው ዛሬ ነው የሰሙኝ። እንደ ቁራ ሰፍ ብለው መጡ፣ ተመልከቻቸው። አሁን አንቺን ብሰማ፣ ጆሮዬን ባነሳ፣ ቅዳሜ ማን ነው የሚጠራው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ለምን ብዬ?"

ለምን እንደሆነ በመኪናው ውስጥ ስሰናዳ ነው የመጣሁት። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሁለት መቶ ስድስቱ ሴቶች፣ አንቺ ባነሳሽ ቀን ደሴም ሐይቅም ስለሚሰሙት ሴቶች። ፊቷን ሳየው ያ ሁሉ እንደማይሠራ ገባኝ። በእኔ ላይም አልሠራም ነበር።

"የኔነሽ፣ ስሚኝ" አልኳት። "የዶክተሩን ለቅሶ ወሰድሽብኝ፣ ዝም አልኩ። ዶክተሩ ለእኔ ማንም አልነበረም። ደብሪቱን ግን አንድ ቀን አላየሻትም። እጇ ምን እንደሚሸት አታውቂም። ከመኪና ሥር ስታወራ እግሯ እንዴት እንደሚወዛወዝ አታውቂም። አንቺ ስለ ጎማ ትናገሪያለሽ፣ ሰው ያለቅሳል፣ ደብሪቱ ግን ድንኳኑ ውስጥ አትኖርም። አሥራ አንዱን ያገኘሽው እኔ ስለለቀቅኩሽ ነው። ወድጄሽ አይደለም የለቀቅኩሽ፤ ዛሬም አልወድሽም፤ ዝናቡን ስታወርጂው መንገድ ላይ ቆሜ ልወድቅ ነበር። እኔ ካነሳሁ አንቺም ታነሺያለሽ። ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ ቢሮው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ጆሮሽን አንሺልኝ። ቅዳሜ መጥተሽ ከፊት ተቀመጪና፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንደቀናሁብሽ፣ አንድ ቀን አንቺ ቅኚብኝ።"